ግማሽ ዓረፍተ ነገር

«ክልክል ነው።» በዚህች ከተማ ከየትኛውም ደራሲ ሥራ በላይ የተነበበ ጽሑፍ ይህ ይመስለኛል። መለጠፍ ክልክል ነው። መሽናት ክልክል ነው። መኪና ማቆም ክልክል ነው። ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው። አጥር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ ቆርቆሮ ላይ ታትሞ፣ የድልድይ ግንብ ላይ በብሩሽ ተሞነጫጭሮ በየቀኑ እናነበዋለን። እንደ ጽሑፍ ግን አንብበነው አናውቅም። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ሰሚው ከሰማ በኋላ ምን እንዲያደርግ ነው የተፈለገው? ለአንድ አጭር ልብ ወለድ የምናነሳቸውን ጥያቄዎች ለዚህች ባለ ሁለት ቃል ድርሰት አንስተንላት አናውቅም።

እዚህ ላነሳላት ነው። የምኖረው ሳሪስ ነው፤ ወንዙ ወደ እኛ ነው የሚወርደው። ሰው ተፈጥሮን እንዳያቆሽሽና እንዳያበላሽ ተብሎ የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ ከአጥር ጽሑፍ እስከ አዋጅ፣ ከተራራ ተጓዦች መመሪያ እስከ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ መሥራት አለመሥራቱ የሚታየው እኛ ጋ ሲደርስ ነው።

ሰፈሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ የአዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች ተነስተው ወደ ደቡብ ይፈሳሉ። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል የከተማውን ጉድ ተሸክመው ይወርዱና አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። አባ ሳሙኤል የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ግድብ ነው፤ አሁን ስሙ የሚነሳው ከእምቦጭ ጋር ነው። በወንዞቹ ዳርና ዳር ደግሞ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ የሚያጠጡት በዚሁ ውሃ ነው። በአቃቂ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ጥናት ያደረጉ ሰዎች እርሳስና ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ሲናገሩ ዓመታት አልፈዋል። እና የወንዝ ዳር ቆሻሻ ጉዳይ የእይታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምሳችን ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው።

ማንንም የማያይ ጽሑፍ

መጀመሪያ ሰዋስዉን እንይ። አማርኛ ትእዛዝ ሲሰጥ ሰውየውን ሳያይ መናገር አይችልም። «አትጣል» ካለ ወንድ ነው፤ «አትጣይ» ካለ ሴት ናት፤ «አይጣሉ» ካለ የሚከበር ሰው ነው፤ «አትጣሉ» ካለ ብዙ ናቸው። ተናጋሪው ማንን እንደሚያናግር ሳይወስን አፉን መክፈት አይችልም። የሰሌዳ ጸሐፊ ከዚህ ግዴታ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ አግኝቷል። «መጣል» ይላል፤ የሚጥል ሰው የለበትም። «ክልክል ነው» ይላል፤ የከለከለ ሰው የለበትም። ተናጋሪ የሌለው ንግግር ለማንም ሳይነገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ሰውም እንደዚያው ያነበዋል፤ ለእኔ እንዳልተባለ አድርጎ።

ቁጣው ሲጨምር «በሕግ ያስቀጣል» ይመጣል። ይህም ማን እንደሚቀጣ አይናገርም። ያስቀጣል፣ በቃ። የግለሰብ አጥር ላይ ከሆነ ስድብ ይታከልበታል፤ የሚሸናውን ከውሻ ወይም ከአህያ ጋር የሚያመሳስል። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ውስጥ ሰው ሰው የሚሸተው ስድቡ ነው። ቢያንስ የተናደደ የቤት ባለቤት ድምፅ አለበት፤ ቢያንስ ለአንድ ሰው ተናግሯል።

ሦስቱም ግን አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ቆሻሻ የያዘ እጅ አለ፤ ጽሑፉ ያንን እጅ «እዚህ አይደለም» ይለዋል። የት እንደሆነ አይነግረውም። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ በእኛ ሙያ «ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ብቻ የሚዘጋ መተግበሪያ የሠራ ሰው ይሳቅበታል። ደህና የስህተት መልእክት ተጠቃሚውን ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል፦ ቁጥሩን እንደገና ያስገቡ፣ ኔትወርክዎን ይፈትሹ፣ በዚህ ይደውሉ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ አይደለም። ቀጥሎ የሚሠራውን ያልተነገረው ሰው ያንኑ ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል። ክልክል በተባለበት ድልድይ ሥር ያለው የፌስታል ክምር ያ ደጋግሞ የተጫነ ቁልፍ ነው።

«ካለ»

አስገራሚው ነገር ሕጉ ራሱ እንዲህ አልተጻፈም። በ1999 የወጣውን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ከአጥሩ ጽሑፍ የተለየ ነገር ነው። አዋጁ በመንገድ፣ በውሃ መውረጃ፣ በመናፈሻ፣ በአውቶቡስና በባቡር ማቆሚያ፣ በስፖርት ሜዳ፣ በከተማ ውሃ አካላት ላይ ቆሻሻ መጣልን ይከለክላል። ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ካለ። ከዚያው ጎን ለጎን የከተማ አስተዳደሮች በየመንገዱና በየሕዝብ መገልገያው ማጠራቀሚያ እንዲቀመጥ፣ ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊትም በበቂ ድግግሞሽ እንዲነሳ የማድረግ ግዴታ አለባቸው።

የኮድ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ «ካለ» ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሕጉ ሁለት ወገን ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። አስተዳደሩ ማጠራቀሚያ ያስቀምጣል፣ ያነሳል፤ ነዋሪው እዚያ ይጥላል። አንዱ ሳይኖር ሌላው አይቆምም። ይህ ዓረፍተ ነገር ከነጋሪት ጋዜጣ ተነስቶ ሳሪስ ድልድይ ላይ እስኪደርስ ግን መንገድ ላይ ለሁለት ተቆርጧል። የአስተዳደሩ ግማሽ ወድቆ ቀርቷል፤ የነዋሪው ግማሽ ብቻ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሰሌዳው ሕጉን አሳጠረ ማለት አይቻልም፤ ቀየረው እንጂ። ሁለት ባለዕዳ የነበረው ሰነድ አንድ ባለዕዳ ብቻ ቀረው።

በወረቀት የሚቀረው የአዋጁ ክፍል ይህ ብቻ አይደለም። ያው የ1999 አዋጅ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይል ነበር። በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ ሲያጸድቅ በመሃል 18 ዓመት አልፎ ነበር። እነዚያን 18 ዓመታት ሽንኩርትም፣ እንጀራም፣ የጫት ገረባም በስስ ፌስታል ተቋጥሮ ሲሄድ ኖረ፤ አጥሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን የሚቆጣው ፌስታሉን ያመረተውን ሳይሆን የያዘውን ነበር።

እዚህ ላይ አንዲት ጎረቤቴ ያሉኝን ላምጣ። ልጃቸው ሥራ ውላ እስክትመለስ የልጅ ልጃቸውን የሚጠብቁ እናት ናቸው። ወደ ወንዙ ፌስታል ይዘው ሲወርዱ አግኝቻቸው፣ ተቆጥቼ ሳይሆን ለማወቅ ብዬ ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ ጋሪዋ አትመጣም እንዴ?»

«ትመጣለች ልጄ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሰኞ መጣች። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ናት፣ ሙቀቱን ታውቀዋለህ። የአራት ቀን ዳይፐር ከሕፃኑ ጋር የት ላስተኛው?»

ግንዛቤ የላቸውም የሚላቸው ካለ ይምጣና ያስረዳቸው። ወንዙ እንደሚሸት ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ መስኮታቸው ወደዚያ ነው የሚከፈተው። የጎደላቸው ዕውቀት አይደለም፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ቦታ ነው። «ክልክል ነው» ለእሳቸው የሚናገረው ምንም ነገር የለውም።

ቅርጫት ቢኖርስ?

«ስለዚህ ቅርጫት ይቀመጥና ነገሩ ያልቃል» ብዬ ብደመድም ደስ ባለኝ። አያልቅም። የሚቃወመኝን ማስረጃ ደብቄ ማለፍ ደግሞ ሂስ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ተመራማሪዎች በ130 ቦታዎች 9,757 ሰዎችን በዓይን ተከታትለው የደረሱበትን ይናገራል። በእጃቸው የነበረን ነገር ካስወገዱት ውስጥ 17 በመቶው ያስወገደው በማይገባ ቦታ ነበር። ልዩነቱ ሲተነተን ለአካባቢው ሁኔታ የደረሰው ድርሻ 15 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ቀሪው 85 በመቶ የግለሰቡ ነበር። ይህን ይዞ «አያችሁ፣ ችግሩ ሰዉ ነው» ማለት ይቻላል። ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ፦ ሰዎቹ መሬት ላይ በጣሉበት ቅጽበት ቅርባቸው የነበረው ማጠራቀሚያ በአማካይ 29 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ነበር። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚጥለውም ይጨምራል። እንግዲህ 9 ሜትር ላይ ቅርጫት ባለበት አገር ሰበብ ሁሉ ተጠራርጎ የሚቀረው ሰውየው ነው፤ እዚያ ላይ ስለ ባሕርይ ብናወራ ያምርብናል። 9 ሜትር ላይ ምንም በሌለበት ድልድይ ላይ ያንኑ 85 በመቶ ጠቅሶ ነዋሪን መውቀስ ግን ከሰው ቤት የተቀዳ ልኬት በራስ ቤት እንደመለጠፍ ነው።

በተቃራኒው ቶኪዮ አለች። እ.ኤ.አ. በ1995 በምድር ባቡሯ ላይ ከደረሰው የሳሪን ጋዝ ጥቃት በኋላ የመንገድ ቅርጫቶች በብዛት ተነሱ፤ ከተማዋ ግን አልቆሸሸችም። ሰዉ የያዘውን በቦርሳው ከትቶ ቤቱ ይወስዳል። ወሳኙ ነገር ቤቱ ሲደርስ የሚሆነው ነው፤ የሚነሳበት ቀን ይታወቃል፣ በዚያ ቀን ይነሳል። ቅርጫቱ ከመንገድ ጠፋ እንጂ ከዓረፍተ ነገሩ አልጠፋም።

በእኛም አገር ከጎረቤቴ ጋር የማይነጻጸር ሌላ ዓይነት ጣይ አለ። ከሚያብረቀርቅ መኪና መስኮት ሃይላንድ የሚወረውር። ሚኒባስ ውስጥ ብርቱካን ልጦ ልጣጩን በስንጥቅ የሚያወጣ። ለእሱ አላዝንለትም፤ «ክልክል ነው» ይገባዋል፣ ቅጣትም ይገባዋል። ችግሩ ሰሌዳው እሱንና እማማን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። መስኮት ዘግቶ የሚያልፈው ሰሌዳውን አያነበውም። የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

«ኅብረተሰባችን ግንዛቤ የለውም»

ከአጥር ወርደን ወደ መድረክ እንውጣ። ስለ ቆሻሻም ሆነ ስለ ተቆረጠ ችግኝ በተወራበት ስብሰባና የሬዲዮ ፕሮግራም ሁሉ የማትቀር ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ዋናው ችግር የኅብረተሰባችን የግንዛቤ ማነስ ነው።» ቀጥሎ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል። መድረኩ ላይ ወንዞቻችን ምን ያህል እንደቆሸሹ፣ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚጥል በፎቶ ይታያል። የታሸገ ውሃ ይታደላል።

ይህ ንግግር ከንቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሊጎዳም እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ሙከራ አለ። በአሜሪካ አሪዞና ድንጋይ የሆነ ጥንታዊ እንጨት ያለበት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ጎብኚዎች ስባሪውን እየሰረቁ አስቸግረው ነበር። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ ምልክት የተደረገባቸው ስባሪዎች በመንገዱ ዳር አስቀምጠው የተለያዩ ጽሑፎችን ፈተኑ። አንደኛው ሰሌዳ እስካሁን የመጡ ብዙ ጎብኚዎች እንጨቱን እየወሰዱ ፓርኩን እንደለወጡት ያማርራል። ሌላው እባክዎ አይውሰዱ ይላል። በሁለተኛው ሥር የተሰረቀው 1.67 በመቶ ሲሆን በመጀመሪያው ሥር 7.92 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ሁሉም ይሰርቃል» ብሎ የሚያለቅስ ሰሌዳ «መስረቅ የተለመደ ነው» የሚል ዜናም አብሮ ያደርሳል። ሰው ደግሞ ከልቅሶው ይልቅ ዜናውን ይሰማል።

«ኅብረተሰባችን ወንዝ ውስጥ ይጥላል» ብለን በየመድረኩ ስንደጋግም የምናስጨብጠው ግንዛቤ ያ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2008 ከኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የመጣ ነው። ብስክሌት ማቆሚያ አጠገብ ባለ ግድግዳ ላይ «መጻፍ ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተደርጎ በየብስክሌቱ እጀታ በራሪ ወረቀት ተንጠለጠለ፤ አካባቢው ላይ ቅርጫት የለም። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን መሬት ላይ የጣሉት 33 በመቶ ነበሩ። ያው ግድግዳ ከነክልከላው ሲሞነጫጨር 69 በመቶ ሆኑ። የተጣሰ ክልከላ ሲታይ ሌላ ክልከላም ይጣሳል፤ የአንዱ ሕግ መናቅ ወደ ሌላው ይጋባል።

ይህን ይዛችሁ ድልድያችንን እዩት። «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ከክምሩ በላይ ቆሟል። ሰሌዳውን ያቆመው ክፍል ክምሩን ሳያነሳ ሰሌዳውን ብቻ ትቶ ሲሄድ ያስተማረው ነገር አለ፦ እዚህ ቦታ ሕግ ይጻፋል፣ አይሠራም። ባዶ ግድግዳ ቢሆን ይሻል ነበር።

ከውሃ 60 ሜትር

የኛ ትውልድ የራሱ መመሪያ አለው። ቅዳሜና እሑድ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ወንጪ፣ ወደ የረር የሚወጡት የሃይኪንግ ቡድኖች በቴሌግራም የሚልኳቸው ሕጎች አሉ፤ አብዛኞቹ ምንጫቸው በአሜሪካ የተቀረጹትና በዓለም የተሰራጩት ሰባት «ዱካ ያለመተው» መርሆች ናቸው። ተዘጋጅተህ ውጣ፣ በጠነከረ መሬት ላይ ሂድና ስፈር፣ ቆሻሻህን በአግባቡ አስወግድ፣ ያገኘኸውን እንዳለ ተወው፣ እሳትህን ቀንስ፣ አራዊትን አክብር፣ ለሌሎች አስብ።

እንደ ጽሑፍ ስመዝናቸው ከአጥራችን ጽሑፍ እጅግ ይሻላሉ፤ ከክልከላው ጋር መተኪያውን ይነግራሉ። መጸዳጃ በሌለበት ጫካ ምን ይደረግ ለሚለው የሚሰጡት መልስ በቁጥር ነው፦ ከውሃ 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ገደማ ራቅ በል፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍር፣ መልሰህ ድፈን። ይህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እጅም እግርም የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ።

«ያገኘኸውን እንዳለ ተወው» የምትለዋም በደንብ ልትተረጎምልን ይገባል፤ የኛ ሰው ስሙን መጻፍ ይወዳልና። የቁልቋል ቅጠል ላይ የሁለት ፍቅረኞች ስም ያልተቀረጸበት የመዝናኛ ቦታ ካለ እስካሁን አልደረስኩበትም። ባሕር ዛፍ ልጡ ይላጥና ስሙም አብሮ ይወድቃል፤ ቁልቋል ግን ጠባሳውን ይዞ ያድጋል፣ ስሙም አብሮት ይሰፋል። እዚህ ላይም «መቅረጽ ክልክል ነው» ከተቀረጸው ስም አጠገብ ቢተከል ግሮኒንገን ምን እንደሚሆን ነግሮናል። የሚሻለው የተቀረጸውን ቅጠል ቶሎ ማንሳት፣ ስም መጻፍ ለሚያምረው ደግሞ የሚጽፍበትን ማቅረብ ነው፤ መዝገብ፣ ሰሌዳ፣ የሆነ ነገር። የፍላጎቱን መሄጃ ሳያሳዩ መከልከል አይበቃም።

ግን እነዚህ መርሆች ሲነደፉ በዓይነ ልቦናቸው የነበረው ሰው መጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። ቦርሳ አለው፣ መኪናው ከታች ቆሟል፣ ቆሻሻውን ይዞ የሚመለስበት ሌላ ቦታ አለው። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ከየት ወደ የት ይዞ ይሂድ? ከአቃቂ ውሃ 60 ሜትር ብትርቅ የምትደርሰው ጫካ ውስጥ አይደለም፤ የሰው ሳሎን ውስጥ ነው። በመስከረም 2013 የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ የሚጠርጉት ሠራተኞች አሉት፤ ንጹሕ መሆኑ ደስ ይላል። ንጽሕናው ግን የጎብኚው ጨዋነት ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ፣ ያው ጎብኚ ማታ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ለምን እንደሚጥል መመለስ ያቅታል። ሰውየው አልተቀየረም፤ የደመወዝ ተከፋዩ ጠራጊ ነው የሌለው።

ያለ ምክር የጠፋ ቆሻሻ

እስካሁን የሚወቀሰው ሁሉ ጣዩ ነው፤ ይህ ወቀሳ ራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ስለ ቆሻሻ አለመጣል የሚያስተምረው ትልቁ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1953 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል የማሸጊያና የመጠጥ ኩባንያዎች ነበሩበት። በ1971 ያሠራጨው ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችን ልብስ የለበሰ ሰው የቆሸሸውን ወንዝ አይቶ ያለቅሳል፣ መልእክቱም ብክለት የሚጀምረው ከሰው ነው፣ የሚያቆመውም ሰው ነው የሚል ነው። ተዋናዩ በትውልዱ ጣሊያናዊ ነበር። በዚያው ዓመት የኦሪገን ግዛት ጠርሙስና ቆርቆሮ ላይ ማስያዣ የሚያስከፍል ሕግ አወጣ፤ እንዲህ ዓይነት ሕጎችን አጥብቀው ሲታገሉ የኖሩት ደግሞ የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች ናቸው። እንባው ነጻ ነው። ማስያዣው ገንዘብ ያስወጣል።

ማስያዣን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ሳሪስ ውስጥ ያለ የትኛውም ሱቅ የለስላሳ ጠርሙስ ይዘህ ልሂድ ብትለው ባለሱቁ ያስይዝሃል። ወንዝ ዳር ሂዱና ቁጠሩ፤ ፌስታል አለ፣ ዳይፐር አለ፣ ገረባ አለ፣ ጫማ አለ። ሙሉ የለስላሳ ጠርሙስ ፈልጉ። ቢገኝም ከመሸ በፊት ወይ ቁራሌው ወይ አንድ ጎረምሳ ያነሳዋል። ሃይላንዱንም ኪሎው ስለሚሸጥ የሚለቅሙት አሉ፤ ፌስታሉን የሚገዛ ስለሌለ ይቀራል። «ጠርሙስ መጣል ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ግን አይቼ አላውቅም። አላስፈለገም።

ሌላም አለ። እኛ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ ታክሲ መያዣ ሁሉ በተፋቀ የሞባይል ካርድ ተሸፍኖ ነበር። ቁጥሩን ሞልቶ ካርዱን እግር ሥር መልቀቅ አንድ እንቅስቃሴ ነበር። ያንን ያስቆመ ዘመቻ አልነበረም። ቴሌብር በ2013 መጣ፣ ሰዉ የአየር ሰዓቱን ከስልኩ ላይ መግዛት ለመደ፣ ካርዱ ከመንገድ እየጠፋ ሄደ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፤ ግንዛቤው በአንድ ሌሊት አልተጨበጠም። የሚጣለው ነገር ሲጠፋ የሚጥለው ሰውም አብሮ ጠፋ።

ሁሉም ነገር በገንዘብና በስልክ ይፈታል ማለቴ አይደለም። ጥምቀትን ተመልከቱ። ታቦት ከመውጣቱ በፊት ወጣቶች መጥረጊያ ይዘው መንገዱን ይጠርጋሉ፣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ወደ ፊት ሮጠው እንደገና ያነጥፋሉ። የሚከፍላቸው የለም፤ የሚቆጣቸው ሰሌዳም የለም። በሌላው ቀን በዚያው አስፋልት ላይ ሶፍት የሚጥል ልጅ በዚያ ቀን የሌላውን ሶፍት ያነሳል። ይህ ከቶኪዮም ከግሮኒንገንም ያልመጣ፣ የራሳችን ነገር ነው። የሚያሠራቸው እምነት ነው፣ አዎ። ግን ሌላም ነገር አለ፦ ሥራው ተከፋፍሏል፣ መጥረጊያው ተገዝቷል፣ የተጠረገው የት እንደሚከማች ታውቋል፣ ታቦቱ የሚያልፍበት ሰዓት ተነግሯል። ያም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሌላው ግማሽ

በ2017 ከተማ አስተዳደሩ የወንዝ ዳርቻ ብክለትን የሚመለከት ደንብ አውጥቶ ሥራ ላይ አውሏል፤ ቅጣቱ እስከ 1 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ፍሳሹን በሌሊት ወደ ወንዝ ለሚለቅ ፋብሪካ እንዲህ ዓይነት ቁጥር መጻፉ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። የከባድ ብረቱ ምንጭ የእማማ ዳይፐር አይደለም። ደንቡን የምመዝንበት ጥያቄ ግን ለአጥሩ ጽሑፍ ያነሳሁት ያው ነው፦ ወንዙ ዳር ላለው ቤት ሲደርስ ምን ሆኖ ይነበባል? «ካለ» የምትለዋ ቃል አብራው ትደርሳለች ወይስ ቅጣቱ ብቻውን?

ድልድያችን ላይ ቢጻፍ የምመኘውን ልጻፍ፦

«ገንዳው ከድልድዩ ማዶ፣ 100 እርምጃ ላይ ነው። ጋሪ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ትመጣለች። ካልመጣች ወይም ገንዳው ከሞላ በዚህ ቁጥር ይደውሉልን። ይህን ቦታ ያጸዳነው በዚህ ቀን ነው።» ከሥሩ የወረዳው ስም።

ሥነ ጽሑፋዊ ውበት የለውም፤ «ክልክል» የሚል ቃልም የለበትም። ግን ተናጋሪ አለው፤ «እኛ» ይላል። ሰሚ አለው፤ «እርስዎ» ይላል። ለማተም ከሌላው የበለጠ ቀለም አይፈጅም። የማይጻፍበት ምክንያት ይገባኛል፦ «ክልክል ነው» የጻፈ ሰው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ይህን የጻፈ ሰው ግን ረቡዕ ጠዋት ጋሪ መላክ አለበት፣ ስልክ ማንሳት አለበት፣ ቀኑን ማደስ አለበት። ጋሪዋ ከቀረች ውሸታም የሚሆነው ራሱ ነው፤ እማማም በእጃቸው ማስረጃ ይኖራቸዋል።

በአማርኛ አንድን ሰው የራሳችን መሆኑን ስንናገር «የወንዜ ልጅ» እንላለን። ከኛ በላይ ያሉት የወንዛችን ልጆች የጣሉትን እኛ እናያለን፤ እኛ የጣልነውን አባ ሳሙኤል ያያል። ስለዚህ ቀጥሎ አንድ ሰሌዳ ስታዩ፣ ድልድይ ላይ ይሁን ፓርክ በር ላይ ይሁን ቴሌግራም ላይ፣ እንደ ሃያሲ አንብቡት። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? የት ጣሉ ይላል? ሦስተኛው መልስ ከሌለው ወረዳችሁ ሄዳችሁ ሌላውን ግማሽ ጠይቁ። አዋጁ ውስጥ አለ፤ ከ1999 ጀምሮ።